የዝናብ ቀን ዕረፍት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የትምህርት ቤት ሕንፃ ፕላን በሚነደፍበት ጊዜ ለብዙ ነገር ሒሳብ ይደረጋል። አንድ ተማሪ የሚቀመጥበት ቦታ ስፋት፣ በመስኮት የሚገባው ብርሃን፣ ጣሪያው የሚቋቋመው የነፋስ ግፊት፣ መሠረቱ የሚያርፍበት አፈር የመሸከም ዐቅም፣ ሁሉም በየተራው ተለክቶ በወረቀት ላይ ይሰፍራል። ሒሳብ የማይደረግለት ነገር ቢኖር፣ ዝናብ በሚጥልበት ቀን የዕረፍት ደወል ከተደወለ በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት ነው። ልጆቹ በዚያ ሩብ ሰዓት ወዴት ይሄዳሉ? የት ይቆማሉ? ለዚህ ጥያቄ በፕላኑ ላይ የሚገኘው መልስ «ሜዳ» የሚል ቃል የተጻፈበት ባዶ ነጭ ቦታ ብቻ ነው። ያ ቦታ በዝናብ ቀን ነጭ አለመሆኑን ግን በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል በትምህርት ሳይሆን በእግሩ የሚያውቀው ሰው ጥቂት አይደለም።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው፣ «ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል» የሚል መልስ በሁሉም አእምሮ ውስጥ ስላለ ነው። እውነት ነው፤ የትምህርቱ ዘመን በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ የሚያበቃው የሐምሌንና የነሐሴን ዶፍ ለመሸሽ ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ዝናብ እንደ ሠራተኛ በቀን ገብቶ በቀን አይወጣም። በአዲስ አበባ በዓመት ከሚጥለው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ውስጥ ከፍተኛው እጅ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሰኔ ደግሞ የፈተና ወር፣ መስከረም የመክፈቻ ወር ነው። በሁለቱ መካከል የበልግ ዝናብ አለ፤ ይህም በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ልጆቹ የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ትምህርት በሚከታተሉበት ጊዜ፣ አንዳንዴም በረዶ ቀላቅሎ ይመጣል። ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወረድ ሒሳቡ ፈጽሞ ይለወጣል። በኢሉባቦር በጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይጥላል፤ ዝናቡም ከዓመቱ የሚበልጠውን ክፍል ይይዛል። ለጎሬ ልጅ የዝናብ ቀን ዕረፍት ማለት በአጭሩ ዕረፍት ማለት ነው።

ሌላም ብዙ ጊዜ የማይነገር ጉዳይ አለ። በደጋው አገር ዝናቡ በአመዛኙ ከእኩለ ቀን በኋላ ይመጣል፤ ፀሐይ ምድሩን ስታሞቅ ታረፍዳለች፣ ደመናው በቀትር ይከማቻል፣ ከዚያም ይፈርሳል። በፈረቃ በሚሠራ ትምህርት ቤት እንግዲህ የጠዋቱ ፈረቃ ተማሪ ደረቅ ሜዳ ሲያገኝ፣ የከሰዓቱ ፈረቃ ተማሪ ጭቃውን ይረከባል። ትምህርቱ አንድ ነው፣ መጽሐፉም አንድ ነው፤ ዕረፍቱ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ፈረቃ በየጊዜው በሚቀያየርበት ትምህርት ቤት ይህ ዕጣ በተራ ይደርሳል፤ በማይቀያየርበት ግን ሙሉውን ዓመት በአንድ ወገን ላይ ይወድቃል።

የዝናብ ቀን ዕረፍት በእውነቱ የሚጀምረው ከደወሉ በፊት ነው። አንድ ትልቅ የዝናብ ጠብታ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው፣ በሰኮንድ ዘጠኝ ሜትር ገደማ እየተወረወረ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ቆርቆሮ ላይ ያርፋል። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ ይህ ማለት ሃምሳና ስድሳ ልጆች በከበሮ ሆድ ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሊኖር የሚገባው የውጭ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ዶፍ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግን የመምህሩ ድምፅ ራሱ ተውጦ ይቀራል። መምህሩ ጥቂት ይጮኻሉ፤ ከዚያ ጠመኔያቸውን አንሥተው ማስታወሻ በሰሌዳው ላይ መጻፍ ይጀምራሉ፤ በመጨረሻ መስኮቱ ይዘጋል። መስኮቱ መስተዋት የሌለው የእንጨት ወይም የቆርቆሮ መዝጊያ ከሆነ ክፍሉ ይጨልማል፤ ብርሃን የሚገባው ምስማር በቀደዳቸው የጣሪያ ቀዳዳዎች ብቻ ይሆናል፤ በእነዚሁ ቀዳዳዎች ደግሞ ውኃም ይገባል። ዴስኮች ከሚያፈሰው ቦታ ይሸሻሉ፤ ሦስት ልጆች በተቀመጡበት ዴስክ ላይ አራተኛና አምስተኛ ይታከላል። በጨለማው ውስጥ እንቆቅልሽ የሚጠያየቁ አሉ፤ አፍ ለጆሮ ተጠግቶ ካልሆነ ግን «ምን አውቅልህ» የሚለው መልስ አይሰማም።

ደወሉም አይሰማም። በብዙ ትምህርት ቤት ደወል ማለት በዛፍ ወይም በምሰሶ ላይ የተሰቀለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በደረቅ ቀን ድምፁ እስከ ገበያው ይደርሳል፤ በዶፍ ቀን ግን ከሁለተኛው ክፍል አያልፍም። ስለዚህ ዘበኛው ኬሻ በራሳቸው ላይ ደፍተው በየክፍሉ በር እየዞሩ «ዕረፍት ነው!» ሲሉ ማየት የተለመደ ነበር። ልጆቹም ዘበኛውን «አባባ» እያሉ ይከቧቸዋል፤ በዚያን ቀን የምሥራች ነጋሪው እርሳቸው ናቸውና።

«ቲቸር፣ አባርቷል እኮ፤ እንውጣ?»

«ገና ያካፋል። ተቀመጡ!»

ቀድሞ የኔታ፣ ኋላም ጋሼ ይባሉ የነበሩት መምህር በቅርቡ ዘመን «ቲቸር» ተብለዋል፤ ይህ ጥያቄና ይህ መልስ ግን ከነድምፁ አልተለወጠም። ልጁ ዝናቡን የሚለካው ጣሪያውን በማዳመጥ ነው። ከበሮው ወደ ሹክሹክታ ሲለወጥ መውጣት ይቻላል ብሎ ያምናል። መምህሩ ደግሞ የሚያዩት ሜዳውን ነው።

የተፈቀደላቸውም ያልተፈቀደላቸውም የሚወጡት መጀመሪያ ወደ በረንዳው ነው። በረንዳው ሊሾ ከሆነ ሴቶች ልጆች ከሰሌዳው ሥር በለቀሙት የጠመኔ ስባሪ ሰኞ ማክሰኞ ያሰምራሉ። ጠጠር የሚቀልቡት በግድግዳው ሥር እግራቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ፤ አምስት ጠጠርና አንድ ክንድ የማይሞላ ደረቅ ወለል ይበቃቸዋልና ከሁሉ የተሻለ ዕድል ያላቸው እነርሱ ናቸው። ቆርኪ የሚጫወቱ አሉ። ወለሉ አፈር ከሆነ ገበጣ ይቆፈራል፤ ቡናማ ውኃ ቀስ ብሎ ወደ ዳር ጉድጓዶቹ እየገባ ጨዋታውን በመካከሉ ያፈርሰዋል። ብይ በዚያን ቀን የለም፤ ብይ ደረቅና ደልዳላ መሬት ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚበዛው ጨዋታ መገፋፋት ነው። ማንም አልፈጠረውም፤ የበረንዳው ጥበት ፈጠረው። በግድግዳው በኩል ያሉት ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ በጠርዙ ያሉት ወደ ውስጥ ይገፋሉ፤ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው የውኃ መጋረጃ ሥር ገፍተው ያስወጡት ልጅ ተሸናፊ ነው። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይህ ሣቅ ነው። ለአንደኛ ክፍል ተማሪ ግን አይደለም። ደረቁ ወለል ጠባብ በሆነ መጠን ባለቤትነቱ በጉልበት ይወሰናል፤ ታናናሾቹ መጨረሻ ላይ የሚገኙት ውኃው በሚረጭበት ዳር ላይ ነው። ታላቅ እኅት ያለችው ትንሽ ልጅ በነጠላዋ ውስጥ ትገባለች፤ የሌላት ወደ ጨለማው ክፍል ተመልሳ ዴስኳ ላይ ትተኛለች። መምህራን ይህችን «ጨዋ ልጅ» ይሏታል።

በዚህ መካከል የሜዳው ጥሪ አለ። የጨርቅ ኳስ ውኃ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ቢሆንም ይጫወቱበታል። ፀሐይ በዝናቡ ውስጥ ብቅ ስትል «ጅብ ወለደች!» የሚለው ጩኸት ከአንዱ በረንዳ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በረዶ ሲጥል ደግሞ ሕግ ሁሉ ይፈርሳል፤ በረዶ የሚለቀመው በኩባያ፣ በቆብ፣ በምሳ ዕቃ ክዳን፣ በመዳፍ ነው፤ ጉሮሮ ያማል ተብሎ እየተከለከለም ይበላል። በረዶ በልቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ ቢፈለግ ማግኘቱ ያስቸግራል።

ይህን ሙያ ለሚከተል ሰው ከሁሉ የሚደንቀው ግን የጎርፉ ሥራ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ወንዶች ልጆች በበረንዳው ግርጌ በሚሄደው ቦይ ዳር ይንበረከካሉ። ጭቃና ሣር አደባልቀው ግድብ ይሠራሉ። ግድቡ በመካከሉ ሲጣስ ጭቃ ብቻውን እንደማይበቃ ይማራሉ፤ ድንጋይ ከታች ይጨምራሉ። ከላይ ሞልቶ ሲፈስና አናቱን ሲሸረሽረው በጎን ማስተንፈሻ ይቀዳሉ። ከበቆሎ አገዳ የተሠራ ወፍጮ በቦዩ ላይ ይዞራል፤ ከደብተር መካከል የተገነጠለ ወረቀት ጀልባ ሆኖ ይሄዳል። የኋላ ኋላ በዩኒቨርሲቲ የግድብ ማስተንፈሻ መጠን ሲሰላ የሰማ መሐንዲስ፣ ነገሩን በሦስተኛ ክፍል በጣቱ ሠርቶት እንደነበረ ቢያስታውስ ማጋነን አይሆንም። አራት ክፍል ያለው አንድ ሕንፃ በረንዳውንና የጣሪያውን ጠርዝ ጨምሮ 300 ካሬ ሜትር ያህል ጣሪያ አለው። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት 6,000 ሊትር፣ ማለት 30 በርሜል ውኃ ያወርዳል። አሸንዳ ከሌለው ይህ ሁሉ የሚወርደው በግድግዳው ሥርና ልጆቹ በቆሙበት ጠርዝ ላይ ነው። ልጆቹ ለወንዛቸው የሚበቃ ውኃ አጥተው አያውቁም።

የዚህ ጨዋታ ሌላ ገጽ ግን ሣቅ የለበትም። በብዙ ገጠር ትምህርት ቤት ግድግዳው ከእንጨትና ከጭቃ ሲሠራ ጭቃው የሚቦካው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ አፈሩ የተቆፈረበት ጉድጓድም ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይደፈን ይቀራል። በበጋ ልጆቹ ዘለው ይገቡበታል፣ ይደበቁበታል። ዝናብ ሲመጣ ይሞላል፤ ውኃው ድፍርስ ስለሆነ ጥልቀቱ አይታይም። መዋኘት የማያውቅ የሰባት ዓመት ልጅ በዚህ ዓይነት ጉድጓድ አጠገብ ግድብ ሲሠራ ማየት የተለመደ ነው። ጉድጓዱን መድፈን የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ይሁንና በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ስላልተጻፈ ማንም አይደፍነውም። ክፍያ የሚፈጸመው ለግድግዳው ነው።

ከዚያ ጭቃው ወደ ክፍል ይመለሳል። በመረሬ አፈር ላይ የተሠራ ትምህርት ቤት የዝናብ ቀን ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። መረሬ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሐንዲሶች የሚያውቁት ግድግዳ በመሰንጠቁ ነው፣ ልጆች የሚያውቁት ጫማ በማስቀረቱ ነው። ኮንጎ ጫማ ውስጡ ውኃ ሲገባ ያንሸራትታል፤ በረባሶ በጭቃው ተይዞ ይቀራል፣ ባለቤቱም በአንድ እግሩ ቆሞ በእጁ ይጎለጉለዋል። ቦቲ ያለው ልጅ እንደ መኳንንት ይታያል። ዩኒፎርም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ወይም እሑድ ታጥቦ ሰኞ ይለበሳል። ማክሰኞ ዕረፍት ላይ የራሰ ሹራብ እንግዲህ በገላ ላይ ነው የሚደርቀው። ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ዝናብ ሲጥል አየሩ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ የራሰው ልጅ ከዕረፍቱ በኋላ የቀሩትን ክፍለ ጊዜያት እየተንቀጠቀጠ ይጨርሳል። በዚያን ሰዓት ስለ ክፍልፋይ ቁጥር የተነገረው ትምህርት ምን ያህሉ እንደቀረ መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ሁሉ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ በረንዳው ለምን ጠበበ?

በረንዳ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በጣና ዙሪያ የሚገኙት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳቸው በሰፊ ጣሪያ የተከበበ ነው፤ ሰው ከዝናብና ከፀሐይ ተጠልሎ የሚቆምበት ስፍራ ታስቦበት የተሠራ የሕንፃው አካል ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በአዲስ አበባ የተሠሩት የእንጨትና የድንጋይ ቤቶችም በሰፋፊ በረንዳቸው ይታወቃሉ። በ1947 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ሲቋቋም፣ በአገር በቀል ዕቃና በአነስተኛ ወጪ መሥራት እንደ አንድ የጥናት መስክ ተይዞ ነበር፤ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በስዊድን መንግሥት እርዳታና በሕዝቡ መዋጮ በሺህ የሚቆጠሩ የአንደኛ ደረጃ መማሪያ ክፍሎች በገጠር ተሠርተዋል። በረንዳ ምን እንደሆነ የማያውቅ ባለሙያ በዚህ አገር አልነበረም።

የጠበበው በቁጥር ነው። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤት እጅግ ተስፋፋ። በ1987 ዓ.ም. ሦስት ሚሊዮን ያህል የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በ2000 ዓ.ም. ከ12 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ በዚህ ጉባኤ ላይ ከተገኙት ወጣት መሐንዲሶች ብዙዎቹ የዚያ መስፋፋት ፍሬዎች ናቸው። ነገር ግን በየሪፖርቱ የሚቆጠረው «የተሠራ ክፍል» ነበር። በረንዳ አይቆጠርም። ገንዘብ ሲያጥር በር መቀነስ አይቻልም፣ መስኮት መቀነስ ያስወቅሳል፤ በረንዳን ከሁለት ሜትር ተኩል ወደ አንድ ሜትር ተኩል ማጥበብ ግን ማንንም አያስቆጣም። ተቆጪው ገና አንደኛ ክፍል ነው።

ያ አንድ ሜትር ምን እንደሚያደርግ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ጠርዝ ያለው ከፍታ 2.4 ሜትር ነው ይባል። በሰኮንድ ዘጠኝ ሜትር የሚወርድ ትልቅ ጠብታ በሰኮንድ አራት ሜትር ተኩል በሚነፍስ ነፋስ ሲገፋ፣ ሁለት ሜትር ሲወርድ አንድ ሜትር ወደ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ ዝናቡ ከጠርዙ 1.2 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። በረንዳው 1.5 ሜትር ከሆነ የሚቀረው ደረቅ ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ነው። 2.5 ሜትር ከሆነ 1.3 ሜትር ይቀራል። የበረንዳው ስፋት በሁለት ሦስተኛ ሲጨምር ደረቁ ቦታ ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ርዝመቱ 32 ሜትር በሆነ ባለ አራት ክፍል ሕንፃ፣ ለ200 ልጆች ቢከፋፈል፣ ጠባቡ በረንዳ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያደርሰው ደረቅ ወለል ከአንድ የተከፈተ ደብተር ያነሰ ነው። በሰፊው በረንዳ ላይ ግን ከልጆቹ ግማሾቹ ክፍል ውስጥ ቢቆዩ፣ የወጡት ጠጠር ሊቀልቡና ሰኞ ማክሰኞ ሊያሰምሩ ይችላሉ። ደቃቅ ጠብታ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ በነፋስ ይበልጥ ይገፋል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር የሆነው ጠብታ በዚያው ነፋስ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይገባል። በጠባቡ በረንዳ ላይ በካፊያም ቀን ደረቅ ቦታ የለም። የሚያስገርመው ይህ ስሌት ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ሲሆን፣ ነፋሱ ጣሪያውን እንዳይነቅለው የሚሠራው ስሌት ግን በየፋይሉ ውስጥ መገኘቱ ነው። ነፋሱ አንድ ነው።

ወጪው ይጨምራል የሚለው ክርክር መልስ የሚገባው ክርክር ነው። ስድሳ ልጆች በዛፍ ጥላ ሥር በሚማሩበት ስፍራ በረንዳ ከማስፋት አንድ ክፍል መጨመር ይቀድማል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም በተግባር የሚቀርበው ምርጫ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። የበረንዳ አንድ ሜትር ግድግዳ የለውም፣ በርና መስኮት የለውም፤ ጥቂት ቋሚዎች፣ ቆርቆሮና ወለል ብቻ ነው። ደግሞም የሚያገለግለው ለዝናብ ብቻ አይደለም፤ በድሬዳዋና በጋምቤላ ሙቀት ያው በረንዳ ጥላ ነው።

ተሠርተው ያለቁትን ሕንፃዎች በተመለከተ መፍትሔው ዝግ አይደለም። የጣሪያው ተዳፋት 15 ዲግሪ ከሆነ በረንዳውን በአንድ ሜትር ማስረዘም የጣሪያውን ጠርዝ በ27 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ለዝናብ መከላከያ ተጨማሪ ጥቅም ነው፤ ጠርዙ ዝቅ ባለ መጠን ዝናቡ የሚገባው ባነሰ ርቀት ነውና። ጉዳቱ ክፍሉ መጨለሙ ነው፤ እርሱንም በጣሪያው ላይ አልፎ አልፎ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ በማስገባት መቀነስ ይቻላል። ሕንፃው የማይመች ከሆነ በግቢው ውስጥ ግድግዳ የሌለው አንድ ሰፊ ዳስ በጠንካራ ምሰሶና በቆርቆሮ ቢሠራ፣ በዝናብ ቀን መጫወቻ፣ በሌላው ቀን የወላጆች መሰብሰቢያ ይሆናል። ዳስ መሥራት ለሕዝቡ ማስተማር አያሻም፤ ለሠርግም ለለቅሶም የሚሠራው ነው።

ጥቂት ዝርዝሮች ይቀራሉ። የበረንዳ ሊሾ እንደ ሳሎን ወለል መወልወል የለበትም፤ ሲርስ ያንሸራትታል፣ ልጆች ደግሞ አይራመዱም፣ ይሮጣሉ። ሊሾው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ቢሻከር፣ ወደ ውጭም በሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢያዘነብል ይበቃል። አሸንዳ ከተሰቀለ የውኃ መያዣ ታንከር ሊኖረው ይገባል፤ 30 በርሜል ውኃ ወርዶ የሚጠጣ ውኃ የሌለበት ትምህርት ቤት ሞልቷልና። ከክፍል እስከ መጸዳጃ ቤት ያለው መንገድ በድንጋይ ካልተነጠፈ ደግሞ፣ በዝናብ ቀን ወደዚያ የሚሄድ አይኖርም። በተለይ ከፍ ያሉት ልጃገረዶች ጭቃውን አቋርጠው በሁሉም ፊት ከመሄድ ይልቅ እስከ ቤታቸው ይታገሣሉ፤ አንዳንዶቹም በዚያን ቀን ከቤት አይመጡም። ይህ ሠላሳና አርባ ሜትር ጠፍጣፋ ድንጋይ በየትኛውም የዋጋ ሰንጠረዥ ላይ ከመጨረሻዎቹ መሥመሮች አንዱ ነው።

የሜዳው ተዳፋትም የሚረሳ ጉዳይ ነው። ሜዳ ሲደለደል ፍጹም ዝርግ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ዝርግ ሜዳ ግን ኩሬ ነው። በመቶ አንድ ወይም አንድ ተኩል ያህል ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል ለኳስ አይታወቅም፤ ውኃው ግን ያውቀዋል። ይህ ባልተደረገበት ግቢ ዝናቡ እንዳባራ የሚታየው ሁልጊዜ ያው ነው። ኳሱን የያዘው ልጅ በግቡ አፍ ላይ የተኛውን ኩሬ ጥቂት ያየዋል፤ ከዚያ ተረከዙን መሬት ውስጥ ተክሎ ወደ ኋላ እየጎተተ እስከ አጥሩ ድረስ ቦይ ያወጣል። ሌሎቹ በእንጨት ያሰፉለታል። ውኃው መንቀሳቀስ ሲጀምር ዘበኛው ቸርኬውን ይመቱታል።